ስኔሩ ለብቻው ሲደመጥ ወፍራም ነው፤ ኦቨርሄድ ሲከፈት ግን ይቀጥናል

ጥያቄ፦ «ቀጭን ሽቦ»

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራበት ቀረጻ ቤት አነስተኛ ሲሆን፣ እስካሁን የሠራሁት በአብዛኛው በኪቦርድ በተቀነባበረ ሙዚቃ ላይ ድምፃውያንን መቅዳት ነበር። አሁን ግን ሙሉ ድራም ይዞ የሚጫወት አንድ የወጣቶች ባንድ ሥራውን ስለሰጠኝ፣ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው ከበሮ) ላይ የገጠመኝን ችግር በዝርዝር አስቀምጬ ምክራችሁን መጠየቅ ፈለግሁ።

ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፤ የጣሪያው ከፍታ 2 ሜትር ከ60 ነው። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ከድራሙ ሥር ምንጣፍ አንጥፈናል፤ ግድግዳው ላይም ስስ ስፖንጅ ተለጥፏል። ስኔሩ ስፋቱ 14 ኢንች፣ ጥልቀቱ 5 ኢንች ተኩል የሆነ ባለ እንጨት ነው። ከላዩ ሹር ኤስኤም57 የተባለ ማይክ፣ ለኪኩ (በእግር ለሚመታው ትልቅ ከበሮ) አንድ ማይክ፣ ከድራሙ በላይ ደግሞ ኦቨርሄድ የሚሆኑ ሁለት ኮንደንሰር ማይኮች አድርጌ በአራት ቻናል፣ በ48 ኪሎኸርዝ ቀዳሁ።

የስኔሩን ቻናል ለብቻው ሳደምጠው ወፍራምና ደረት ያለው ድምፅ ነው። ኦቨርሄዶቹን ስከፍት ግን ውፍረቱ ወዲያው ይጠፋና ባዶ ካርቶን የተመታ ይመስላል። በኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ በሚጨምረውና በሚቀንሰው መሣሪያ) 200 ኸርዝ አካባቢ ብጨምርለትም ለውጡ እምብዛም ነው። ፌደሩን (የቻናሉን ድምፅ መጠን) ከፍ ሳደርገው ሃይ ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) አብሮ ይመጣል፤ ሃይ ሃቱን ለማስቀረት ጌት (ዝቅ ያለ ድምፅ ሲመጣ ቻናሉን የሚዘጋ መሣሪያ) ሳስገባ ደግሞ ድራመሩ በችክችካው መካከል በቀስታ የሚነካቸው ትንንሽ ምቶች ይቆረጡብኛል። የተቀዱትን ዘፈኖች በሚክስ ማዳን ይቻላል ወይ? የቀሩትን ስንቀዳስ ምን ልለውጥ?

መልስ፦ «ሦስተኛው ፌደር»

ከገለጹት ምልክት ተነስቼ ስገምት ችግሩ የኢኪው ሳይሆን የፌዝ ነው። ለብቻው ወፍራም የነበረ ድምፅ ሌላ ማይክ ሲጨመርበት ከቀጠነ፣ ሁለቱ ማይኮች አንዱን ምት በተለያየ ጊዜ ስለሰሙት ሲደመሩ እየተጣፉ ነው ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅበታል። የእርስዎ ኤስኤም57 ከቆዳው 4 ሴንቲሜትር፣ ኦቨርሄዱ ደግሞ 90 ሴንቲሜትር ላይ ነው እንበል፤ ልዩነቱ 86 ሴንቲሜትር ይሆናል። የ200 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሙሉ ሞገዱ 1 ሜትር ከ71 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ 86 ሴንቲሜትር ማለት የዚያው ግማሽ ነው። ስለዚህ ሞገዱ በአንዱ ማይክ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ በሌላው ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩም ይጠፋፋሉ። የስኔር ውፍረት የሚገኘው ደግሞ እዚያው ከ150 እስከ 250 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ ክፍል ውስጥ ኦቨርሄድ ሊሰቀል የሚችለው በዚሁ ርቀት አካባቢ ስለሆነ፣ በትንንሽ ቀረጻ ቤቶች ውስጥ ይህ ችግር ደጋግሞ ቢታይ አይገርምም።

ለተቀዳው ሥራ መጀመሪያ የሚሞክሩት በጣም ቀላል ነገር ነው። ሚክሱን ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ የሆነ) ያድርጉት፤ የስኔሩንና የኦቨርሄዶቹን ከፍታ ለጆሮ እኩል ያድርጉ፤ ከዚያ የስኔሩን ቻናል ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) እየገለበጡና እየመለሱ ያድምጡ። ከሁለቱ ወፍራም ሆኖ የተሰማውን ይያዙ። በትክክል በ200 ኸርዝ ላይ እየተጣፉ ከሆነ፣ ሲገለበጥ በዚያው ቦታ ላይ ይደጋገፋሉና ልዩነቱን ለማወቅ ጆሮ ማስጨነቅ አያስፈልግዎትም።

ሁለተኛው አማራጭ ሞገዱን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ፣ አንዱን ምት በሁለቱም ላይ ፈልጎ ማስተካከል ነው። በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ሚሊሰከንድ 48 ሳምፕል (የዲጂታል ድምፅ ነጥብ) ስለሆነ፣ 2 ሚሊሰከንድ ተኩል የዘገየ ኦቨርሄድ 120 ሳምፕል ያህል ቀደም እንዲል ወደ ግራ ይሳባል ማለት ነው። ሁለቱንም ኦቨርሄዶች በእኩል መጠን ያንቀሳቅሱ፤ አለዚያ የግራና ቀኙ ምስል ይዛባል። ይህን ካደረጉ ደግሞ ፖላሪቲውን ወደ ነበረበት ይመልሱት፣ ኪኩንም እንደገና ያድምጡት፤ ኦቨርሄዱ ሲንቀሳቀስ ከኪኩ ጋር የነበረው ግንኙነትም ይለወጣልና። እኔ በበኩሌ ፖላሪቲው ከሠራልኝ ሞገድ አላንቀሳቅስም። ኦቨርሄዱ ትንሽ መዘግየቱ ለድራሙ የሚሰጠው የርቀት ስሜት አለ፤ ሁሉንም በአንድ መስመር ስናሰልፈው ያ ስሜት ይቀንሳል።

በሚቀጥለው ቀረጻ ኦቨርሄዶቹን ሲሰቅሉ አንድ ኬብል ይውሰዱና ከስኔሩ መሃል እስከ አንደኛው ማይክ ይለኩ፤ ሁለተኛውንም በዚያው ርዝመት ያስቀምጡ። እንግሊዛዊው የቀረጻ ባለሙያ ግሊን ጆንስ የሚታወቅበት ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ማይክ ከስኔሩ በላይ፣ ሌላው ከፍሎር ቶሙ (ወለል ላይ ከሚቆመው ከበሮ) ጎን ዝቅ ብሎ ወደ ሃይ ሃቱ የሚያይ ሆኖ፣ ከስኔሩ ያላቸው ርቀት ግን እኩል ነው። ጣሪያዎ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይህ አቀማመጥ በተለይ ለእርስዎ የሚመች ይመስለኛል፤ ቢያንስ አንዱ ማይክ ከጣሪያው ይርቃልና።

ስለ ጣሪያው ካነሳሁ አይቀር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስስ ስፖንጅ የሚውጠው ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ እንቁላል ማስቀመጫ ካርቶንም ከዚያ የተሻለ አይሠራም። ኦቨርሄዱ ከጣሪያው 60 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ ከጣሪያው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ከቀጥተኛው 3 ሚሊሰከንድ ተኩል ያህል ዘግይቶ ይደርስና እዚያም ሌላ መጣፋት ይፈጥራል። ከድራሙ በላይ ወፍራም የጥጥ ፍራሽ ወይም 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሮክዉል (ድምፅ የሚውጥ የድንጋይ ሱፍ) በእንጨት ፍሬም አድርገው ቢሰቅሉ፣ ውድ ማይክ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅምዎታል። አሰቃቀሉ ግን ጠንካራ ይሁን፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው ነው።

መልስ፦ «ከዱላ ጫፍ»

ስለ ፌዝ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው። እኔ ግን በድራመር ዓይን የማየውን ልጨምር፤ በስኔሩ ቆዳ ላይ የሌለ ድምፅ በየትኛውም ማይክ ሊመጣ አይችልም።

መጀመሪያ የላይኛውን ቆዳ ይመልከቱ። መሃሉ ላይ ነጩ ሽፋን ተልጦ ፕላስቲኩ መታየት ከጀመረ፣ ወይም በጣት ሲዳሰስ የሰረጎደ ቦታ ካለው፣ ከቀረጻው በፊት ይቀየር። የአንድ ቆዳ ዋጋ ከአንድ የቀረጻ ቀን ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሲቀየር ብሎኖቹን ሁሉ በጣት እስኪይዙ ድረስ ያጥብቁ፤ ከዚያ በቁልፉ ግማሽ ግማሽ ዙር፣ ሁልጊዜም ከአንዱ ብሎን ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ ይሂዱ። በክቡ ተከታትለው ካጠበቁ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። መሃሉን በጣት ጫን ብለው፣ ከእያንዳንዱ ብሎን ፊት ለፊት ከጠርዙ 3 ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብለው በዱላው ጫፍ ቀስ አድርገው ይንኩት፤ ስምንቱም ወይም አሥሩም ቦታ አንድ ዓይነት ቃና እስኪሰጥ ድረስ ያስተካክሉ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ሥራ ነው፤ በኋላ በኢኪው ሲያሳድዱት የሚውሉት የሚያፏጭ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ የላላ ብሎን የመጣ ነው።

የታችኛው ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ ከላይኛው የተለመደ ቆዳ ውፍረት ሲሶ አይሞላም። ስለዚህ በጥንቃቄ፣ ግን ከላይኛው ይበልጥ ይወጠራል። ሽቦዎቹን ደግሞ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ያላሏቸውና ስኔሩን በጣት ጫፍ እየነኩ ቀስ በቀስ ያጥብቁ። ለጣት ንክኪ እንኳ ጥርት ብለው መልስ የሚሰጡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያቁሙ። ከዚያ አልፎ ከተጠበቀ ስኔሩ ይታነቃል፤ ምቱ አጭርና ደረቅ ይሆናል፣ እርስዎ የጠቀሷቸው የችክችካ ትንንሽ ምቶችም ሽቦውን ማስነሳት ያቅታቸዋል። በጌት ተቆረጡ ያሏቸው ምቶች ከመጀመሪያውም በበቂ ሁኔታ ሳይወጡ ቀርተው ይሆናል፤ ጌቱን አጥፍተው ኦቨርሄዱን ብቻ በማድመጥ ያረጋግጡ።

ጠርዙ አካባቢ የሚቀር ጩኸት ካለ ትንሽ ቴፕ አጥፈው ይለጥፉ። አንዳንድ ባለሙያዎች ግን ስኔሩ ላይ ፎጣ አልብሰው «አሁን ንጹሕ ሆነ» ሲሉ እሰማለሁ። ለብቻው ሲደመጥ የሚያስቸግረው የቆዳው ቀሪ ድምፅ፣ ጊታርና ኪቦርድ ሲገባ ከመካከላቸው ስኔሩን የሚያወጣው እርሱ ነውና ሁሉንም አይግደሉት።

መልስ፦ «ማታ ሚክስ»

የሚክሱን ነገር እኔ ልሞክረው። ኦቨርሄዶቹን መጀመሪያ ከፍተው ድራሙን በእነርሱ ብቻ ያቁሙ፤ የስኔሩን ማይክ ኦቨርሄዱ የጎደለውን እስኪሞላ ድረስ ብቻ ያምጡት። ከስኔር ቻናል ተነስቶ ኦቨርሄዱን እንደ ሲምባል ማይክ መቁጠር፣ ስኔሩ ከድራሙ ተነጥሎ ፊት እንዲቆም ያደርገዋል። ኦቨርሄዶቹን ከ400 ኸርዝ በታች መቁረጥ የተለመደ ቢሆንም፣ እንደ እርስዎ ባለ አራት ቻናል ቀረጻ ላይ ያን ያህል መቁረጥ የስኔሩንም የቶሞቹንም ሆድ ባዶ ያደርገዋል፤ 80 ኸርዝ አካባቢ ቢያቆሙ ይበቃል።

በኢኪው በኩል፣ ፌዙ ከተስተካከለ በኋላ 200 ኸርዝ ላይ የሚጨምሩት ሁለት ሦስት ዴሲቤል ከአሁኑ ይልቅ በግልጽ ይሰማል። ከ400 እስከ 800 ኸርዝ ባለው መካከል የካርቶኑ ድምፅ የሚኖርበትን ቦታ በጠባብ ኢኪው ከፍ አድርገው ይፈልጉትና፣ ካገኙት በኋላ ሰፋ አድርገው ይቀንሱት። የዱላው ንክኪ ከ3 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ላይ ነው። ኤስኤም57 በራሱ ከ5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ከፍ የሚል ማይክ ስለሆነ እዚያ ብዙ አይጨምሩ፤ የሽቦውን ጥራት ከኦቨርሄዱ ይውሰዱት እንጂ ከስኔሩ ማይክ አይፈልጉት። ከስኔሩ ማይክ 8 ኪሎኸርዝን ሲጨምሩ የሚያገኙት ሃይ ሃቱን ነው።

ጌቱን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ጌት ለችክችካ አይሆንም። ምቱ በደቂቃ 120 ሆኖ እያንዳንዱ ምት በሦስት ሲከፈል በንዑሳኑ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 167 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ የዘፈኑ ውዝዋዜ ያለውም በእነርሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጌቱ ሲዘጋ ከ8 እስከ 10 ዴሲቤል ብቻ እንዲቀንስ አድርገው ሬንጁን ይገድቡት። በሳይድቼይን ማጣሪያውም ጌቱ 200 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ብቻ እንዲሰማ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ሃይ ሃቱ ጌቱን መክፈት ይሳነዋል፣ ቀስ ያለው የስኔር ምት ግን ይከፍተዋል።

ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨምቅ መሣሪያ) ላይ አታኩ (መጭመቅ የሚጀምርበት ፍጥነት) ፈጣን ሲሆን የዱላው ንክኪ ይታፈናል፤ ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ባለው ጀምረው በጆሮዎ ይወስኑ። የምትጠቀሙበት 1176 የተባለው ኮምፕረሰር ፕለጊን ከሆነ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ የአታክና የሪሊስ (መጭመቁን የሚለቅበት ፍጥነት) ቁልፎቹ ከተለመደው ተቃራኒ ናቸው፤ 7 ቁጥር ፈጣኑ፣ 1 ቁጥር ቀርፋፋው ነው። ቀርፋፋው አታክ እንኳ አንድ ሚሊሰከንድ የማይሞላ ስለሆነ ያ መሣሪያ ሁልጊዜም የምቱን ጫፍ ይነካዋል። ሪሊሱን በጣም ካፈጠኑት ደግሞ በምቶች መካከል ያለው ሃይ ሃት ተነስቶ ይመጣል፤ የእርስዎ ችግር ይሄ ስለሆነ በዚህ በኩል ቁጥብ ይሁኑ። ጠንካራውን ጭመቃ በሌላ ቻናል ሠርተው ከዋናው በታች በጥቂቱ ቢቀላቅሉት ትንንሾቹ ምቶች ከፍ ይላሉ፤ ዋናው ምት ግን ጫፉን አያጣም።

ሪቨርቡ (የሚጨመረው ማስተጋባት) አጭር ይሁን። የሚቀጥለው ዋና የስኔር ምት ከመድረሱ በፊት ካላለቀ ንዑሳኑን ይሸፍናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እጅግ የተወደደውን በጌት የሚቆረጥ ትልቅ ሪቨርብ የሚመኙ ካሉ፣ ያ ድምፅ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ የቀረጻ ባለሙያው ሂዩ ፓጃም ለንደን በነበረው ታውንሃውስ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከሙዚቀኞች ጋር መነጋገሪያ የሆነው ማይክ ያለበትን ኃይለኛ ኮምፕረሰር ድራም ላይ ሰምቶ ከጌት ጋር ካጣመረው በኋላ ነው። እዚያ የሚያስተጋባ ክፍል ነበር። የአንድን መኝታ ቤት ያህል ክፍል በዚያ መጠን ብትጨምቁት የሚገኘው የዚያው ትንሽ ክፍል ድምፅ ጎልቶ ነው፤ ለእርስዎ ፕለጊኑ ይሻላል።

መልስ፦ «ፓድ 9»

ይህን ሁሉ ከመድከም የስኔሩን ምት በጥሩ ሳምፕል (አስቀድሞ በተቀዳ የስኔር ምት) መተካት በጣም ይቀላል። ለረጅም ዓመታት ብዙ የአማርኛ ዘፈኖች በኪቦርድና በፕሮግራም ድራም ስለተሠሩ፣ የአድማጩ ጆሮም ወጥ የሆነ የስኔር ድምፅ የለመደ ነው። ባንዱም ሥራውን ቶሎ ማውጣት ይፈልጋል።

መልስ፦ «ከዱላ ጫፍ»

ሙሉ በሙሉ ከተተካ ድራመሩን መጥራት ለምን አስፈለገ? ጠንካራ ምቶቹን ብቻ ለመደገፍ ሳምፕል ከሥር መጨመር ተገቢ ነው፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ቀስ ያሉትን ምቶች ፕሮግራሙ ወይ ይዘላቸዋል፣ ወይ በዋናው ምት ቃና ያስገባቸዋል፤ ዘፈኑም ከውዝዋዜ ወደ ሰልፍ ይለወጣል። ሳምፕሉ ሲጨመርም የምቱ መነሻ ከእውነተኛው ጋር በትክክል መግጠሙንና ፖላሪቲው አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ መጀመሪያ የተነሳው የመጣፋት ችግር በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ጠያቂው፦ «ቀጭን ሽቦ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፖላሪቲውን ስገለብጠው በአብዛኞቹ ዘፈኖች ላይ ውፍረቱ ወዲያው ተመለሰ፤ 200 ኸርዝ ላይ የጨመርኩትንም ኢኪው በግማሽ ቀነስኩት። አንዱ ዘፈን ላይ ግን በሁለቱም በኩል ያው ነው፤ ያን ቀን ኦቨርሄዶቹ ከፍ ብለው ተሰቅለው ነበር። ጌቱንም ሬንጁን በመገደብ አስተካክዬዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ በሚቀጥለው ቀረጻ ከስኔሩ ሥር ሌላ ማይክ ላስገባ ወይ የሚለውና የሃይ ሃቱ ነገር ነው።

መልስ፦ «ሦስተኛው ፌደር»

በሁለቱም በኩል ያው ከሆነ መጣፋቱ 200 ኸርዝ ላይ ሳይሆን ከዚያ ወጣ ባለ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ ዘፈን ብቻ ኦቨርሄዶቹን በሳምፕል ማንቀሳቀሱን ይሞክሩ።

የታችኛው ማይክ የሽቦውን ድምፅ ለብቻው ስለሚሰጥ ለቀስተኛ ምቶች ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፖላሪቲውን መገልበጥ ግዴታ ነው ሊባል ይችላል። ዱላው ሲያርፍ የላይኛው ቆዳ ከላይኛው ማይክ ይርቃል፤ የታችኛው ቆዳ ደግሞ ወደ ታችኛው ማይክ ይጠጋል፣ ስለዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ሞገድ ይቀዳሉ። ሲገለብጡትም ከላይኛው በግልጽ ዝቅ አድርገው ያስገቡት። ከኪኩ አጠገብ ስለሚሆን ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡለት። ኢንተርፌሱ (ማይኮቹን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው መሣሪያ) አምስተኛ ቻናል ከሌለው ግን ለዚህ ብለው አንዱን ኦቨርሄድ አይሠዉ።

ሃይ ሃቱን በተመለከተ፣ ኤስኤም57 በጀርባው በኩል በጣም የደነቆረ ማይክ ነው። አፉ ወደ ቆዳው መሃል ሲያይ ኬብል የሚገባበት ጫፉ በቀጥታ ወደ ሃይ ሃቱ እንዲያመለክት አድርገው ያስቀምጡት፤ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ከፍ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ገባ ይበል። ሃይ ሃቱ ድራመሩን እስካላስቸገረው ድረስ ከፍ ይበል፤ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚወጣው አየር ማይኩ ላይ እንዳያርፍም ይጠንቀቁ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የድራመሩ እጅ ነው። ሃይ ሃቱን ረጋ አድርጎ፣ ስኔሩን ግን ጠንከር አድርጎ እንዲመታ ይጠይቁት፤ ግማሽ ደቂቃ ቀድተው የስኔሩን ቻናል ብቻ በሄድፎን ያሰሙት። ብዙ ድራመሮች የሃይ ሃታቸውን ኃይል የሚያውቁት ከመቀመጫቸው ሲሰሙት ሳይሆን በዚያ ማይክ በኩል ሲሰሙት ነው፤ ያን ጊዜ እጃቸው ያለ ብዙ ንግግር ይስተካከላል።